ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና የቅደም ተከተል ቃላት በእንግሊዝኛ፦ ቦታቸውና ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚገጥማቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትርጉም ትምህርት ፈተና ላይ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አቅርቤ ነበር። «ዚ ኦልድ ማን ዎክድ ስሎውሊ ቱ ዘ ዶር» የምትል ናት። አንድ ቅጽልና አንድ ተውሳከ ግሥ አላት፤ የቀረው ሁሉ ተራ ነገር ነው። ከተፈታኞቹ አንዱ «አሮጌው ሰው በዝግተኛ ሁኔታ ወደ በሩ ተራመደ» ሲል ጻፈ። ሌላዋ «ሽማግሌው ወደ በሩ አዘገሙ» አለች። ለመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ከሁለተኛዋ ላይ ግማሽ ነጥብ ቀንሼ በኅዳጉ ላይ «ተውሳከ ግሡ የት ሄደ?» ብዬ በቀይ ጻፍኩባት። ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ልጅቱ ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ አዘገሙ ማለት በዝግታ ሄዱ ማለት አይደለም ወይ?» ስትል በትሕትና ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ነጥቡን በዚያው አስተካከልኩላት፤ ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቆየ። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

በእርማቱ ውስጥ ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ። አንደኛው «ኦልድ» ለሚለው ቅጽል «አሮጌ»ን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ማሳለፌ ነው። አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ቤት፣ አሮጌ ጋዜጣ እንላለን፤ ሰውን ግን አሮጌ ብለን አንጠራም። እንግሊዝኛው በአንድ ቅጽል የሚሸፍነውን እኛ ለዕቃው አሮጌ፣ ለወንዱ ሽማግሌ፣ ለሴቷ አሮጊት፣ ለወዳጅ የጥንት፣ ለጠጁ የቆየ እያልን እናከፋፍለዋለን። ተማሪዋ በዚህ ላይ ግሡን በአንቱታ አስራ «አዘገሙ» ስትል፣ እንግሊዝኛው በየትኛውም ቅጽል ሊገልጸው የማይችለውን የዕድሜ ክብር በግሡ ጫፍ ላይ አኑራዋለች። ሁለተኛውና የከፋው ስሕተት ግን ተውሳከ ግሥን ራሱን ችሎ፣ ከሌላው ተለይቶ የቆመ ቃል ሆኖ ካላየሁት «የለም» ብዬ መፍረዴ ነው። ይህ የአንድ አራሚ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እንግሊዝኛን የተማርንበት መንገድ ነው። «ቅጽሉን በአንድ መስመር፣ ተውሳከ ግሡን በሁለት መስመር አስምሩ» የሚለውን መልመጃ ያልሠራ ተማሪ አላውቅም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ በእንግሊዝኛ የቅጽልና የተውሳከ ግሥ ትርጉም እኩሌታ የሚገኘው ቃሉ በቆመበት ቦታ ነው የሚል ነው። ቦታው ሲለወጥ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። አማርኛ ደግሞ ገላጩን ሁልጊዜ ከተገላጩ ፊት ስለሚያቆምና ግሡን በመጨረሻ ስለሚያስር፣ እንግሊዝኛ በቦታ የሚናገረውን በሌላ ብልሃት መናገር አለበት። ብልሃቱ አለው። ያንን ብልሃት ትቶ ቃልን በቃል የሚተካ ተርጓሚ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ይበድላል።

ወደዚህ ከመግባታችን በፊት ክፍሎቹ ራሳቸው ከየት እንደ መጡ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። የቃላት ክፍል የምንለው አከፋፈል የግሪክና የላቲን ሰዋስው ውርስ ነው። በዚያ ሥርዐት ቅጽል ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረም፤ ከስም ወገን ተቆጥሮ «ተጨማሪ ስም» እንደ ማለት ይጠራ ነበር። በላቲን ቅጽልም እንደ ስም በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ስለሚረባ አከፋፈሉ ለላቲን ትክክል ነበር። ዊልያም ቡሎካር በ1586 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ሲያሳትምም መነሻው የላቲኑ ሰዋስው ነበር። ሮበርት ላውዝ በ1762 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ዘጠኝ የቃል ክፍሎችን ሲዘረዝር ግን ቅጽልን ከስም ለይቶ አቆመው፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ እርባታውን ጥሎ ስለ ነበር ከስም ጋር የሚያስተሳስረው አልቀረም። በእኛም ቤት ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅኔ መምህራን «ቅዱስ»፣ «ጻድቅ» የመሳሰሉትን ውስጠ ዘ ሲሏቸው፣ ቅጽል በውስጡ «የሆነ» የሚል ግሥ የተሸከመ ስም መሆኑን እየነገሩን ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ አማርኛን በስምንት የቃል ክፍሎች ሲያስተምሩ፣ ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ወደ አምስት አወረዷቸው፤ ተውሳከ ግሥ ሆነው የተፈጠሩ የአማርኛ ቃላትም ጥቂት መሆናቸውን አመለከቱ። ቶሎ፣ ገና፣ ክፉኛ፣ ምንኛ ካልን በኋላ መቁጠሪያ ጣታችን ብዙ አይሄድም። እኔ ያንን መጽሐፍ አስተምርበት ነበር። ፈተና ሳርም ግን አልታወሰኝም።

የእንግሊዝኛው ተውሳከ ግሥ ምልክት ነው የምንለው «-ሊ» የሚለው ቅጥያ ታሪኩ ያስገርማል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሊች» ማለት አካል፣ ገላ ማለት ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የአስከሬን ማረፊያ የነበረው የቅጥር በር በዚሁ ቃል ይጠራል። «ፍሬንድሊ» ማለት በመነሻው «የወዳጅ መልክ ያለው» ማለት ነው። ስለዚህም ነው «ፍሬንድሊ» በ«-ሊ» ቢያልቅም ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግሥ ያልሆነው፤ ተማሪዎቻችን ግን በየፈተናው ይወድቁበታል። በሌላ በኩል ተውሳከ ግሥ በጥንት በ«-ኤ» ድምፅ ያልቅ ነበር። ያቺ ድምፅ ስትጠፋ «ፋስት»ና «ሃርድ» ከቅጽሎቻቸው ጋር አንድ መልክ ይዘው ቀሩ። የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሰዋስው ጸሐፊዎች ግን ቅጽል የሚመስል ተውሳከ ግሥ አላስደሰታቸውም፤ ላውዝም ታላላቅ ደራስያንን ሳይቀር በዚህ ወቅሷል። ትምህርት ቤቶቻችን ድረስ የደረሰው «ተውሳከ ግሥ ማለት -ሊ የተጨመረበት ቅጽል ነው» የሚለው ሕግ የእነዚህ ሰዎች ውርስ ነው። በዚህ ሕግ የሚሄድ ሰው «ሂ ሃርድሊ ዎርክስ» የሚለውን «ጠንክሮ ይሠራል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ትርጉሙ ግን «እምብዛም አይሠራም» ነው። አማርኛው «እምብዛም» ካለ ግሡን ማፍረስ ግድ እንደሚለውም እዚህ ላይ ልብ ይሏል። እንግሊዝኛው አፍራሽነቱን በተውሳከ ግሡ ውስጥ ደብቆ ግሡን አዎንታዊ አድርጎ ይተወዋል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቦታ እንምጣ። የጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅጽል በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ይረባ ስለ ነበር የየትኛው ስም ገላጭ መሆኑ ከመድረሻው ይታወቅ ነበር። መድረሻዎቹ ሲረግፉ ያንን ሥራ ቦታ ተረከበ። ለዚህም ይመስለኛል የዛሬው እንግሊዝኛ በቅጽል ቅደም ተከተል ረገድ ይህን ያህል ጥብቅ የሆነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1955 እ.ኤ.አ. ለገጣሚው ኦደን በጻፈው ደብዳቤ እንደሚያወሳው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ስለ ዘንዶ ተረት ጽፎ ነበር። እናቱ ስለ ዘንዶው ምንም አላሉም፤ «አረንጓዴ ታላቅ ዘንዶ» እንደማይባልና «ታላቅ አረንጓዴ ዘንዶ» መባል እንዳለበት ብቻ ነገሩት። ሰውየው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም እንዳልገባው ይናገራል። እናቲቱ ያስተማሩት ሕግ በትልልቆቹ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ በሰፊው ተብራርቷል። ማርክ ፎርሳይዝም በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ አነጋገር ውበት በሚያትት መጽሐፉ ሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ አድርጎታል፦ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የትውልድ ቦታ፣ የተሠራበት ነገር፣ ተግባር፣ ከዚያም ስሙ። አፍ የፈታበት ሰው ይህን ዝርዝር አይቶት ሳያውቅ ይከተለዋል። የጋራ ሐሳቡ፣ ከነገሩ ባሕርይ ጋር ይበልጥ የተዋሐደው ከስሙ አጠገብ ይቆማል፣ የተናጋሪው ፍርድ የሆነው ከስሙ ይርቃል የሚል ነው። ከዚህም የሚያፈነግጥ አይጠፋም። ሕፃናት የሚያውቁት «ቢግ ባድ ዉልፍ» መጠንን ከአስተያየት ያስቀድማል፤ ምናልባት የድምፁ ምት ስላሸነፈ ይሆናል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ብዙም ባዕድ አይደለም። «ትልቅ ጥቁር የእንጨት ሳጥን» እንላለን፤ «የእንጨት ጥቁር ትልቅ ሳጥን» ጆሮን ይቆረቁራል። ልዩነቱ አማርኛ ቅጽልን በቅጽል ላይ መደርደር የማይወድ መሆኑና እርግጠኛነትን የሚያመለክተውን መድረሻ ለመጀመሪያው ቅጽል ማሸከሙ ነው። «ትልቁ ጥቁር ሳጥን» ሲባል ከጥቁር ሳጥኖች መካከል ትልቁ ይመረጣል፤ «ጥቁሩ ትልቅ ሳጥን» ሲባል ከትልልቆቹ ጥቁሩ። የቶልኪን «አረንጓዴ ታላቅ ዘንዶ» እንኳ በአማርኛ «አረንጓዴው ታላቅ ዘንዶ» ቢባል ሙሉ ትርጉም ይሰጣል፤ ሌሎች ታላላቅ ዘንዶዎች አሉ፣ ይኸኛው ግን አረንጓዴው ነው። አምስት ቅጽል የተደረደረበትን የእንግሊዝኛ ሐረግ በአምስት የአማርኛ ቅጽል የሚተረጉም ሰው ቅደም ተከተሉን ጠብቄአለሁ ብሎ ሊጽናና ይችላል። አንባቢው ግን ስሙ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል። ሁለቱን አስቀድሞ የቀሩትን በ«የ» በሚጀምር ግሥ ወይም በሌላ ዐረፍተ ነገር ማሳደር የአማርኛ ወግ ነው።

ይበልጥ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ግን ቅጽሉ ከስሙ በፊትና በኋላ ሲቆም ነው። ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ የገቡ፣ ቅጽሉን ከኋላ የሚያስከትሉ የሕግና የጦር ቃላት በእንግሊዝኛ ቀርተዋል፤ «አተርኒ ጄኔራል» እና «ኮርት ማርሻል» ከእነዚህ ናቸው። እነዚህ ቃሎች እንደ አንድ ስም ስለሚቆጠሩ አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት እንደ «ፕሬዘንት»ና «ሬስፖንሲብል» ያሉ፣ በሁለቱም በኩል መቆም የሚችሉት ናቸው። «ዘ ፕሬዘንት ሜምበርስ» የአሁኖቹ አባላት ናቸው፤ «ዘ ሜምበርስ ፕሬዘንት» በስብሰባው የተገኙት አባላት ናቸው። «ዘ ሬስፖንሲብል ማን» ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ሲሆን፣ «ዘ ማን ሬስፖንሲብል» ለተደረገው ነገር ተጠያቂው፣ ምናልባትም ወንጀለኛው ነው። ድዋይት ቦሊንጀር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ ጥናቱ እንዳስገነዘበው፣ ከስሙ የሚቀድመው ቅጽል የነገሩን ጸባይ፣ የሚከተለው ደግሞ የአንድን ወቅት ሁኔታ ወደ መግለጽ ያዘነብላል። አማርኛ ገላጩን ከኋላ ማስከተል ስለማይችል ልዩነቱን በግሥ ጊዜ ይወጣዋል፦ «የሚታዩ ከዋክብት» እና «የታዩት ከዋክብት»። ለዚህ ትጋት ምስክር የምጠራው ነጋሪት ጋዜጣን ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ለተማሪ ከማንኛውም መልመጃ ይሻላል። ስለ ምልዓተ ጉባኤና ስለ ድምፅ አሰጣጥ በሚደነግጉ አንቀጾች «በስብሰባው የተገኙ አባላት» የሚለው ሐረግ በመደበኛነት ይገኛል። ያንን «የአሁን አባላት» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ የድምፅ ቆጠራውን ለወጠ ማለት ነው። ተማሪዎቼን ሕግ አንብቡ ስላቸው ይስቃሉ፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን ባዮች ናቸው።

ከቅጽሉም ይልቅ ተንቀሳቃሹ ተውሳከ ግሥ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ክፍለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለክፍሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጻፍኩላቸው። አንዱ «ሺ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን ፉሊሽሊ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሺ ፉሊሽሊ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን»። ቃላቱ አንድ ናቸው። በመጀመሪያው መልሷ የሞኝ መልስ ነበር። በሁለተኛው መልሷ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ ሞኝነቱ መመለሷ ላይ ነው፤ ዝም ብትል ይሻላት ነበር። የክፍሉ ሦስት እጅ ሁለቱንም «በሞኝነት ለጥያቄው መለሰች» ብሎ ተረጎማቸው። ሁለተኛውን በአማርኛ ብንለው «ሞኟ፣ ለጥያቄው መልስ ሰጠች» ወይም «መመለሷ ሞኝነት ነበር» እንላለን። ተውሳከ ግሡ በአማርኛ የባለቤቱ ቅጽል ወይም የዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ሌሎችም አሉ፦ «ሂ ዳይድ ሀፒሊ» ደስ ብሎት ሞተ ነው፤ «ሀፒሊ፣ ሂ ዲድ ኖት ዳይ» ግን ደግነቱ አልሞተም ነው። የኋለኛው ደስታ የሟቹ ሳይሆን የተናጋሪው ነው። እነ ክወርክ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ከ1,700 ገጽ በላይ ባለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ተናጋሪው ስለሚናገረው ነገር የሚሰጠውን አስተያየት የሚሸከመውን ተውሳከ ግሥ ድርጊቱን ከሚገልጸው ለይተው ሌላ ስም አውጥተውለታል። «ሆፕፉሊ» የሚለውን ቃል በዚህ የተናጋሪነት ቦታ ማዋል በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሮ፣ የአሶሼትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ የፈቀደው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪው ራሱን ደብቆ ስለ ገጸ ባሕርያቱ የሚፈርደው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ፣ ከግሡ ፊት በቆመ አንድ ተውሳከ ግሥ ነው። ገጸ ባሕርይቱ ሞኝነቷን አታውቅም፤ የሚያውቀው ተራኪው ነው፤ አንባቢውም ከተራኪው ጋር ጠቀስ ይጣጣላል። ትርጉሙ ያንን ቃል ወደ ድርጊቱ ገላጭነት ሲያወርደው የተራኪው ድምፅ ይጠፋል። ከዚያም በኋላ ሒሳዊ ንባብ የሚሠራ ተማሪ በአማርኛው ትርጉም ተመሥርቶ «ተራኪው ገለልተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ተማሪውን ልወቅሰው አልቻልኩም።

እዚህ ላይ «በ…ሁኔታ» የሚለውን የዘመኑን ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። በአሳዛኝ ሁኔታ፣ በአስደናቂ ሁኔታ፣ በአስተማማኝ ሁኔታ፣ በተገቢው ሁኔታ የሚሉት ሐረጎች ከዜናና ከቢሮ ደብዳቤ ተነሥተው ወደ ድርሰት ገብተዋል። የሚጠሉት ስለ ረዘሙ ብቻ አይደለም። «በአሳዛኝ ሁኔታ ሞተ» የሚለውን ልብ በሉ። አሟሟቱ ነው የሚያሳዝነው ወይስ መሞቱ? እንግሊዝኛ በቦታ የለየውን፣ አማርኛም በራሱ መንገድ «አሟሟቱ ያሳዝናል» እና «የሚያሳዝነው ሞተ» ብሎ የሚለየውን፣ ይህ ሐረግ ደባልቆ ያስቀረዋል። ለ«-ሊ» ሁሉ አንድ ተተኪ ማግኘት ለሚቸኩል ተርጓሚ ምቹ ነው። ለአንባቢው ግን ጭጋግ ነው።

አማርኛ የድርጊትን አኳኋን የሚገልጽበት ብዙ መሣሪያ አለው፤ አብዛኛውም ግሥ ነው። ቦዝ አንቀጽ አለ፦ ተቆጥቶ፣ ፈጥኖ፣ ጠንክሮ። «እየ» አለ፦ እያነከሰ፣ እየተንሰቀሰቀ። ከ«አለ» ጋር የሚሄዱት አሉ፦ ቀስ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ብድግ ብሎ። ግሡን ራሱን መደጋገም አለ፤ «ሰበረ» ያለው «ሰባበረ» ሲል አኳኋኑ ከግሡ ሆድ ውስጥ ይወጣል። አልፎ ተርፎም «አዘገመ»ን የመሰለ አኳኋኑን በውስጡ የያዘ ግሥ አለ። እንግሊዝኛም የዚህ ዓይነት ግሦች ስላሉት ነው ጸሐፊዎቹ በተውሳከ ግሥ ላይ የሚዘምቱት። ስቲቨን ኪንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ድርሰት አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ ተውሳከ ግሦችን በግቢ ሣር ላይ እንደሚበቅል አረም ይቆጥራቸዋል፤ ዛሬ አንዱን ብትተው ነገ ግቢው ይሞላል ነው የሚለው። በተለይ «አለ» ከሚለው ግሥ በኋላ የሚለጠፉትን አይወድም። አሜሪካኖች በቶም ስዊፍት የልጆች መጻሕፍት ስም የጠሩት ቀልድም የተፈጠረው በዚሁ የ«እንዲህ አለ በእንዲህ» አጻጻፍ ላይ ለመሣለቅ ነው። የኪንግን ምክር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ስሕተት ይመስለኛል። የእኛ ችግር የተውሳከ ግሥ ብዛት ሳይሆን የሐሰተኛ ተውሳከ ግሥ ብዛት ነው። «ሲል በቁጣ ተናገረ» በሚለው ፈንታ «ሲል ተቆጣ» ወይም «ሲል ጮኸበት» ማለት ለአማርኛ ቁጠባ አይደለም፤ ጤናው ነው።

«ኦንሊ» ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። እንግሊዝኞች በንግግር ይህን ቃል ከግሡ ፊት አቁመው የትኛውን ቃል እንደሚወስን በድምፅ ጫና ያሳያሉ። በጽሑፍ ግን ጫናው አይታይም። «ሺ ኦንሊ ጌቭ ሂም ብሬድ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ አማርኛ ይበልጣል ብል ወገንተኝነት አይሆንብኝም። «ብቻ» ሁልጊዜ ከሚወስነው ቃል ኋላ ስለሚቆም «ዳቦ ብቻ ሰጠችው»፣ «ለሱ ብቻ ዳቦ ሰጠችው»፣ «ዳቦ ሰጠችው፤ ይኸው ብቻ» እያለ አንዱን ከአንዱ ይለያል። ይህ ትክክለኛነት ግን ለተርጓሚው ዕዳ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ያልወሰነውን እሱ መወሰን አለበት፤ ለመወሰንም ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ምዕራፉን ማንበብ አለበት። ሴትዮዋ ንፉግ ናት ወይስ ድኃ? ለአንዱ ብቻ የምታዳላ ናት? ሦስቱ «ብቻ»ዎች ሦስት ሴቶች ናቸው።

የቅደም ተከተል ቃላትን በተመለከተ ከመልመጃ መጻሕፍቱ ጋር የምስማማበት ነገር ጥቂት ነው። «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ኔክስት፣ ዜን፣ ፋይናሊ» ተደርድረው «በመጀመሪያ፣ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያም፣ በመጨረሻ» ተብለው ይተረጎማሉ። ቶማስ ደ ክዊንሲ «ፈርስትሊ» የሚለውን ቃል እንደ አስመሳይነት ቆጥሮ ይጸየፈው እንደ ነበር ከታሪክ እናውቃለን፤ ዛሬ ያ ክርክር ቀዝቅዟል። ያልቀዘቀዘው በ«ፈርስት» እና በ«አት ፈርስት» መካከል ያለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ይከፍታል። ሁለተኛው ግን «በኋላ ነገሩ ተለውጧል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። «መጀመሪያ እንቢ አለ» ካልን ዝርዝር ከፈትን፤ «መጀመሪያ ላይ እንቢ ብሎ ነበር» ካልን ግን አንባቢው እሺታውን ከወዲሁ ይጠብቃል። ለውጡን የሚያበስረው «ነበር» ነው፤ ይኸን ግን በየትኛውም የመልመጃ ሠንጠረዥ አላየሁትም። «አት ላስት»ም እንዲሁ ከ«ላስትሊ» ጋር ተደባልቆ «በመጨረሻም» ይባላል። «አት ላስት» ውስጥ የጠበቀ ሰው እፎይታ አለ፤ አማርኛው «በስንት ጊዜው መጣ»፣ «በስንት መከራ ደረሰ» ነው።

ተከታታይ ድርጊትን በሚተርክ አንቀጽ ደግሞ አማርኛ የቅደም ተከተል ቃል ጨርሶ የማይፈልግበት ጊዜ ይበዛል። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ» ስንል የቦዝ አንቀጾቹ አሰላለፍ ራሱ የድርጊቶቹ አሰላለፍ ነው። ይህንን «ተነሣ። ከዚያም ፊቱን ታጠበ። ከዚያም ካፖርቱን ደረበ። ከዚያም ወጣ» እያሉ መተርጎም ለእንግሊዝኛው ታማኝነት ይመስላል፤ ለእንግሊዛዊው አንባቢ «ዜን» የማይሰማ ትንሽ ቃል መሆኑን ግን ይዘነጋል። ይህን ስል እያንዳንዱ «ከዚያም» ይሰረዝ ማለቴ አይደለም። ደራሲው ሆን ብሎ ርምጃውን ቆራርጦት ከሆነ፣ ለምሳሌ ገጸ ባሕርይው ሐዘን ደንዝዞት እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ የሚያደርግ ከሆነ፣ ቦዝ አንቀጹ ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ቆራጣው ዐረፍተ ነገር ይሻላል።

ገና መላ ያላገኘሁለት አንድ ነገር ይቀራል። እንግሊዝኛ የኋላውን ድርጊት አስቀድሞ፣ የፊቱን አስከትሎ መናገር ይችላል፤ አልቅሶ እንደ ነበር ነግሮን ሲያበቃ «አፍተር ሺ ሌፍት» ብሎ ምክንያቱን ከነጥቡ በፊት በመጨረሻዋ ቅጽበት ያወጣዋል። በአማርኛ «ከሄደች በኋላ አለቀሰ» ስንል ምክንያቱ ቀድሞ ይገለጣል፤ ልቅሶው አንባቢውን አያስደነግጠውም። ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ «አለቀሰ። እሷ ከሄደች ቆይታለች» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው የገባው አራት ነጥብ በእንግሊዝኛው ያልነበረ ዝምታ ይጨምራል። በቅርቡ ለክፍሉ ይህንኑ ሰጥቼ ነበር። አንዱ ተማሪ «አለቀሰ፣ እሷ ከሄደች በኋላ» ብሎ እንግሊዝኛውን እንዳለ አስቀመጠው። በንግግር እንዲህ እንላለን፤ በጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ስሕተት ነው እያልን ስናርመው ኖረናል። ቀዩን ብዕር አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።